ከአዲስ አበባ እስከ ካምፓላ፤ የአየር መንገድ ርቀትና የጉዞ ጊዜ አቈጣጠር

ከአዲስ አበባ እስከ ካምፓላ ድረስ ምን ያህል ጊዜ ያስኬዳል ተብሎ ቢጠየቅ፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው መልስ «በአይሮፕላን ሁለት ሰዓት ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ሁለት ሰዓት የሚባለው አይሮፕላኑ የሚጓዝበት ጊዜ ነው እንጂ መንገደኛው የሚጓዝበት ጊዜ አይደለም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው፤ ነጋዴ ቢሆን ገበያው፤ የመሥሪያ ቤት ሹም ቢሆን ስብሰባው፤ ዘመዱን ሊጠይቅ የተነሣ ቢሆንም ቀኑ ያመልጠዋል። በመንግሥት ወጪ የሄደ እንደ ሆነ ደግሞ የሚባክነው የራሱ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሕዝብም ገንዘብ ነው። ስለዚህ ርቀቱ እንዴት እንደሚለካ፤ ጊዜውም እንዴት እንደሚቈጠር በቅደም ተከተል እንገልጻለን።

ስለ ርቀቱ

መነሻው የአዲስ አበባ የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ፤ መድረሻው የኡጋንዳ የኤንቴቤ አይሮፕላን ማረፊያ ነው። ቦሌ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ወደ 9 ዲግሪ በሚጠጋ ኬክሮስ ላይ ይገኛል። ኤንቴቤ ግን የምድር ወገብን ሊነካ ጥቂት ብቻ ቀርቶታል፤ ከመስመሩ የሚርቀው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቀጥታ የአየር ርቀት 1,215 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፤ አቅጣጫውም ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይኸው ርቀት በአንዱ ጽሑፍ 1,215፤ በሌላው 755፤ በሦስተኛው ደግሞ 656 ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ሦስቱም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው በኪሎ ሜትር፤ ሁለተኛው በተለመደው የየብስ ማይል፤ ሦስተኛው ግን አብራሪዎችና መርከበኞች በሚሠሩበት በባሕር ማይል የተለካ ነው። አንድ የየብስ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር፤ አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ የጉዞ ሒሳብ የሚሠራ ጸሐፊ ቍጥሩን ብቻ ሳይሆን መለኪያውንም አብሮ መጻፍ ይገባዋል። መለኪያው ካልተጻፈ ሁለት ትክክለኛ ቍጥሮች አንድ ስሕተት ይወልዳሉ።

በካርታ ላይ ከቦሌ እስከ ኤንቴቤ ቀጥ ያለ መስመር ብናሠምር፤ መስመሩ ከወላይታ ሶዶ በስተ ምዕራብ አልፎ ወደ ታችኛው የኦሞ ሸለቆ ይወርዳል። ከዚያም የቱርካናን ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ትቶ ወደ ኡጋንዳ የካራሞጃ ምድር ይገባል። ቀጥሎ በሶሮቲ ከተማ አቅራቢያ ያልፋል፤ በዚህች ከተማ በ1971 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አለ። ከዚያም የክዮጋን ሐይቅ ምሥራቃዊ ክፍል ተሻግሮ፤ ከካምፓላ ከተማ አጠገብ አልፎ፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ወደ ተሠራው ማረፊያ ይደርሳል። አይሮፕላኑ ግን ይህን መስመር እንዳለ አይከተልም፤ የአየር መቈጣጠሪያ ሹማምንት በወሰኑለት ጎዳና ይሄዳልና።

በየብስ ለሚሄድ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። መኪናው በሞያሌ ወደ ኬንያ ይገባል፤ ናይሮቢን አልፎ በቡሲያ ወይም በማላባ በኩል ወደ ኡጋንዳ ይሻገራል። ይህ መንገድ 2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፤ ከአየሩ መንገድ በእጥፍ ሊረዝም ጥቂት ይቀረዋል፤ ብዙ ቀንም ይወስዳል።

በሰማይ ስለሚያልፈው ጊዜ

በዛሬው ዘመን የሚሠራበት የጄት አይሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል። ለስሌት እንዲመቸን 810 ብንል፤ 1,215 ኪሎ ሜትሩን ለዚህ ስናካፍለው አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። በጉዞ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ግን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የተረፈው ግማሽ ሰዓት የት ሄደ?

አንደኛ፤ በሰሌዳው ላይ የሚቈጠረው ጊዜ አይሮፕላኑ ከቆመበት ስፍራ ከተነቃነቀበት አንሥቶ በመድረሻው እስኪቆም ድረስ ያለው ነው። በመንደርደሪያው ጫፍ ተራውን ሲጠብቅ የሚያልፈው ጊዜም በዚሁ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፤ ወደ ላይ ሲወጣና ወደ ታች ሲወርድ ፍጥነቱ ከሙሉው ፍጥነት ያነሰ ነው። ሦስተኛ፤ ከመነሻው ለመውጣትና በመድረሻው ወደ ማረፊያው ለመግባት የሚዞረው ዙሪያ ቀጥታውን መስመር ያስረዝመዋል። ስለዚህ ርቀትን ለፍጥነት አካፍሎ የጉዞ ጊዜ አገኘሁ የሚል ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ይሳሳታል።

የቀድሞውን ዘመን ስናስታውስ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጉዞውን ሲያደርግ የሠራበት ሲ 47 የተባለው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ነበረ። የዚህ አይሮፕላን የጉዞ ፍጥነት በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፤ 1,215 ኪሎ ሜትር ለመብረር አራት ሰዓት ተኩል ይፈልግ ነበር። በ1955 ዓ.ም. አየር መንገዱ የጄት አይሮፕላን በሥራ ላይ ካዋለ ወዲህ ግን እንዲህ ያለው ርቀት በሰማይ የሚወስደው ጊዜ ከግማሽ በታች ሆነ።

ስለ ማረፊያዎቹ ከፍታ

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍ ያለ ነው። ኤንቴቤ ደግሞ 1,153 ሜትር ሲሆን፤ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ወለል በላይ የሚቆመው ሃያ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ለአብራሪው ቀላል ነገር አይደለም። በቦሌ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በኤንቴቤ ግን ከመቶ 87 እጅ ይደርሳል። አየሩ በሳሳ መጠን የሞተሩ ኃይል ይቀንሳል፤ ክንፉም አይሮፕላኑን ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ከፍ ባለ ስፍራ ረጅም መንደርደሪያ ግድ ይሆናል። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር፤ የኤንቴቤ ረጅሙ 3,658 ሜትር ነው። ፀሐይ በበረታች ጊዜ አየሩ ይበልጥ ስለሚሳሳ፤ ከደጋ የሚነሣ አይሮፕላን ጭነት መቀነስ የሚያስፈልገው ጊዜ አለ። ዕቃ የሚልክ ነጋዴ ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል።

ለመንገደኛው ግን አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። የጄት አይሮፕላን ምን ያህል ከፍ ብሎ ቢበርር በውስጡ የሚኖረው የአየር ግፊት ከ2,400 ሜትር ከፍታ ግፊት በታች እንዳይወርድ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህም ከአዲስ አበባ አየር ጋር የተቀራረበ ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባ ሰው በሰማይ ሳለ የሚተነፍሰው የለመደውን የሀገሩን አየር የመሰለ ነው ማለት ይቻላል።

ኤንቴቤና ካምፓላ አንድ አለመሆናቸው

ብዙ ሰው ኤንቴቤ ደረስኩ ማለት ካምፓላ ደረስኩ ማለት ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ማረፊያው ከካምፓላ በስተ ደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ምክንያቱም ታሪካዊ ነው። እንግሊዞች ኡጋንዳን በሚገዙበት ዘመን የአስተዳደራቸው መቀመጫ ኤንቴቤ ስለ ነበረች ማረፊያውም በዚያው ተሠራ። ኡጋንዳ መስከረም 29 ቀን 1955 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ዋና ከተማዋ ካምፓላ ሆነች፤ ማረፊያው ግን በነበረበት ቀረ። መንግሥት ከተማውን ሲለውጥ አይሮፕላን ማረፊያ ተነቅሎ አይሄድምና።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አሮጌው መንገድ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት በመኪና ይጨናነቃል። በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም. ፈጣን የመኪና መንገድ ተመርቆ ተከፈተ፤ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮም ክፍያ ይጠየቅበታል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ያተርፋል፤ ሆኖም ወደ ከተማው መካከል ከገባ በኋላ የሚጠብቀው መጨናነቅ አይቀርለትም። በካባላጋላ ሠፈር ያሉትን ኢትዮጵያውያን ወገኖቹን ሊጠይቅ የሚሄድም ሆነ በከተማው መካከል ወደሚገኝ መሥሪያ ቤት የሚሄድ፤ ከማረፊያው በር ጀምሮ ቢያንስ አንድ ሰዓት፤ በተጨናነቀ ጊዜም ሁለት ሰዓት ሊመድብ ይገባዋል።

የማረፊያ ስፍራ መራቅ በአጭር ርቀት ላይ ይበልጥ ይታያል። ከኤንቴቤ እስከ ሰሜን ኡጋንዳዋ ጉሉ ከተማ የአየሩ ርቀት 305 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የካምፓላ ነዋሪ ከኤንቴቤ ተነሥቶ ወደ ጉሉ ልብረር ቢል፤ ወደ ሰሜን ለመሄድ አስቀድሞ 40 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ምዕራብ መውረድ አለበት። በዚህ ጊዜ አይሮፕላኑ የሚያተርፍለትን መኪናው ይወስድበታል።

ከቤት ደጃፍ እስከ ቤት ደጃፍ

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከአዲስ አበባ ቤቱ እስከ ቦሌ 1 ሰዓት፤ ከመነሻው ሰዓት አስቀድሞ በማረፊያው ለመገኘት 3 ሰዓት፤ በአይሮፕላን 2 ሰዓት፤ በኤንቴቤ ለይለፍ ወረቀት ምርመራና ሻንጣ ለመቀበል 1 ሰዓት፤ እስከ ካምፓላ በመኪና 1 ሰዓት። ድምሩ 8 ሰዓት ነው። ይህም ምንም እንቅፋት ሳይገጥም ነው።

እንግዲህ ከስምንቱ ሰዓት በሰማይ የሚያልፈው ሁለቱ ብቻ ነው፤ ስድስቱ በምድር ላይ ያልፋል። አይሮፕላኑ በሰዓት 810 ኪሎ ሜትር ቢበርርም፤ መንገደኛው ከቤት እስከ ቤት ሲለካ በሰዓት የሚሄደው 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአየሩ ጊዜ ከአራት ሰዓት ተኩል ወደ ሁለት ሰዓት ወርዷል፤ የምድሩ ስድስት ሰዓት ግን በሞተር ኃይል አያጥርም። የሚያጥረው በመንገድ መሻሻል፤ በመሥሪያ ቤቶች ቅልጥፍናና በመንገደኛው በራሱ ዝግጅት ነው።

ከአዲስ አበባ ውጭ ለሚነሣ ሰው ሌላ ስሌት ይጨመራል። ባሕር ዳርን ምሳሌ እናድርግ። ከባሕር ዳር እስከ ኤንቴቤ ቀጥታ መስመር ቢሠመር 1,390 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በአዲስ አበባ በኩል የሚሄድ ግን አስቀድሞ 330፤ ቀጥሎ 1,215፤ በድምሩ 1,545 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በዙሪያው የተጨመረው 155 ኪሎ ሜትር በአየር ላይ ከሩብ ሰዓት ያነሰ ነው፤ ይህ የሚያሳስብ አይደለም። የሚያሳስበው በቦሌ ሁለተኛውን አይሮፕላን ሲጠብቅ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ስለዚህ ይህን ጕዞ የሚያቅድ ሰው ኪሎ ሜትሩን ትቶ በሁለቱ በረራዎች መካከል ያለውን ሰዓት ይመርምር። ልዩነቱ በጣም ካጠረ የመጀመሪያው አይሮፕላን ጥቂት ቢዘገይ ሁለተኛው ያመልጠዋል፤ በጣም ከረዘመም ማደሪያ ያስፈልገዋል።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀን አቈጣጠር

የኢትዮጵያና የኡጋንዳ ሰዓት አንድ ነው። ሁለቱም ከግሪንዊች ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማሉ፤ ስለዚህ መንገደኛው የእጅ ሰዓቱን ማስተካከል አያሻውም። ነገር ግን ካምፓላ ወደ ምዕራብ ስለምትርቅ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምትደርሰው ከአዲስ አበባ 25 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው።

የበለጠ የሚያስደንቀው ሌላ ነው። በካምፓላ ዙሪያ የሚኖሩት የሉጋንዳ ቋንቋ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ሰዓትን ከንጋት ጀምረው ይቈጥራሉ። እኛ ከጧቱ አንድ ሰዓት የምንለውን እነርሱም በቋንቋቸው «ሳዋ ኤሙ» ማለትም አንድ ሰዓት ይሉታል። ነገር ግን ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲናገር ሰባት ሰዓት ይላል። የመንገድ ትኬትና የስብሰባ ጥሪም የሚጻፈው በዚሁ በዓለም አቀፉ አቈጣጠር ነው። ስለዚህ በካምፓላ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው «በየትኛው አቈጣጠር?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍረውም። ሳይጠይቅ ቢቀር ግን በስድስት ሰዓት ሊሳሳት ይችላል።

በትኬት ላይ የተጻፈውን ሰዓት ወደ እኛ አቈጣጠር ለመመለስ ሕጉ ይህ ነው። ከ7 እስከ 18 ያለ ሰዓት ቢሆን 6 ይቀነሳል፤ የቀን ሰዓት ነው። ከ19 እስከ 23 ቢሆን 18 ይቀነሳል፤ የምሽትና የሌሊት ሰዓት ነው። ከ0 እስከ 6 ቢሆን 6 ይጨመራል፤ የሌሊትና የንጋት ሰዓት ነው። ለምሳሌ 10 ሰዓት ከ30 ተብሎ ቢጻፍ ከጧቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው፤ 22 ሰዓት ቢጻፍ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሣ አይሮፕላን ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር አዲሱ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ በእኛ ልማድ ግን ሌሊቱ ሁሉ ያለፈው ቀን ሌሊት ይባላል። ትኬቱ «የ15ኛው ቀን፤ 1 ሰዓት ከ30» ቢል፤ መንገደኛው ወደ ማረፊያው መሄድ ያለበት በ14ኛው ቀን ማታ ነው። በ15ኛው ቀን ማታ ሻንጣውን ይዞ ቢመጣ አይሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆነው ነው። ቀኑም የሚጻፈው በፈረንጆች ወር ስለ ሆነ አስቀድሞ ከእኛ ቀን ጋር ማመሳከር ይገባል። ለምሳሌ ማርች 15 ቀን 2025 የሚለው መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።

በአየር ጠባይም በኩል ልዩነት አለ። የአዲስ አበባ ዋናው ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ካምፓላ ግን በዓመት ሁለት የዝናም ወራት አላት፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፤ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ገደማ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በተለይ በሌሊት ነጐድጓዳማ ዝናም ይበዛል። በዚህ ምክንያት አይሮፕላን ጥቂት ዞሮ ማረፍ ወይም መዘግየት ቢያጋጥመው ሊያስደንቅ አይገባም።

የሁለት ሰዓት በረራና የዐሥር ቀን ዝግጅት

በመጨረሻ የምናሳስበው ከሁሉ የሚበልጠውን ጊዜ ነው። ኡጋንዳ ከአንድ ዓመት ዕድሜ በላይ የሆነው መንገደኛ ሁሉ የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት እንዲያቀርብ ትጠይቃለች። ይህ ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ለተከተበ ሰው የሚጸናው ክትባቱን ከወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በዓለም የጤና ድርጅት ደንብ መሠረት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል፤ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው እንደገና አይቸገርም። ያልተከተበ ግን በአምስት ቀን ውስጥ ለሚደረግ ስብሰባ ቢመረጥ፤ የበረራው ጊዜ ሁለት ሰዓት መሆኑ ምንም አይጠቅመውም።

ስለዚህ ሠራተኛን ወደዚያ የሚልክ መሥሪያ ቤት፤ ወደዚያ የሚላኩትን ሰዎች አስቀድሞ ለይቶ ቢያስከትብ፤ የጥሪውን ሰዓት በሁለቱም አቈጣጠር ቢጽፍ፤ ለስብሰባው ጧት የሚፈለገውን ሰው በዋዜማው እንዲደርስ ቢያደርግ፤ ወጪው አይበዛም፤ ሥራው ግን ይቃናል። በዚያው ቀን ጧት ተነሥቶ በዚያው ቀን ጧት ስብሰባ ለመግባት የሚያስብ ሰው ሁለቱን የሰማይ ሰዓት ቈጥሮ ስድስቱን የምድር ሰዓት የረሳ ነው።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለዋል። አይሮፕላን መንገዱን አሳጥሯል እንጂ ዝግጅቱን አላስቀረም። 1,215 ኪሎ ሜትሩን አብራሪው ይወጣዋል፤ ከቤት እስከ ማረፊያ፤ ከማረፊያም እስከ ጉዳዩ ያለውን መንገድ ግን መንገደኛው ራሱ አስቦ ሊወጣው ይገባል።